ሕንፃው ሳይቆም የሚወጣ ሂሳብ

የጭነት መኪና ለመግዛት ያሰበ ነጋዴ ለሻጩ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ይኸውም መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ናፍጣ ይጠጣል የሚል ነው። ይህን ሳይጠይቅ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚያስረክብ ቢገኝ ጎረቤቶቹ ከነጋዴ አይቆጥሩትም። ነገር ግን ያው ሰው የመኪናውን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚያጥፍ ገንዘብ አውጥቶ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሲያሠራ፣ ሕንፃው በወር ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚበላ መሐንዲሱን አይጠይቅም። መኪናው ባይስማማ ይሸጣል፤ ወደ ምዕራብ የዞረ የመስተዋት ግድግዳ ግን አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ ዘወር በል ቢሉት አይሰማም።

ይህ ነገር ዛሬ በወልድያ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚያልፈው መንገድና በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወረታ የሚሻገረው መንገድ የሚገናኙት በዚህች ከተማ ስለ ሆነ፣ ሆቴሉም መጋዘኑም ሱቁም ሁልጊዜ ፈላጊ አለው። ዩኒቨርሲቲው በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመና ስታዲየሙ በጥር ወር 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የሕንፃው ፍላጎት ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ማንም አይረሳውም፤ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በነበረው የጦርነት ጊዜ አያሌ ሱቆች፣ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋልም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭት የብዙዎችን የግንባታ ሐሳብ ወደ ኋላ ቢያስቀርም፣ የተጠገነው ተጠግኗል፤ ያልተጠገነውም ተራውን ይጠብቃል። እንግዲህ አንድ ከተማ ብዙ ሕንፃ ባንድ ዘመን ለመሥራት ወይም ለመጠገን በሚሰናዳበት ጊዜ የሚያደርገው ስሕተት ባንድ ዘመን የሚያልፍ ስሕተት አይደለም።

የሚያሳስበው ደግሞ የተያዘው ፈሊጥ ነው። በአዲስ አበባ የተጀመረው ፊቱን ሙሉ ለሙሉ በመስተዋትና በአሉሚኒየም የሚሸፍን አሠራር ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሁሉ ወርዷል። ከፊት መስተዋት፣ ከጎንና ከኋላ ብሎኬት፣ ከላይ ቆርቆሮ፤ ፕላኑ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚለወጠው የባለቤቱ ስም ብቻ ይመስላል። መስተዋቱ ወደ መንገዱ መዞር ስላለበት ይዞራል፤ መንገዱ በየት በኩል እንዳለ፣ ፀሐይም በየት በኩል እንደምትገባ የጠየቀ የለም።

ሕንፃ የሚበላውን ኃይል አስቀድሞ ማስላት አዲስ ጥበብ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ዋጋ ባንድ ጊዜ በተሰቀለበት ወቅት የአሜሪካና የአውሮፓ መሐንዲሶች ሕንፃዎቻቸው ምን ያህል አባካኝ እንደ ነበሩ ተረዱ። በ1975 እ.ኤ.አ. አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር የሕንፃን የኃይል አጠቃቀም የሚወስን ደረጃ አወጣ። ስሌቱን የሚሠሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም ተከታትለው መጡ። ከነዚህ አንዱ ኢነርጂፕላስ የተባለው በአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር አማካይነት በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይገለገልበታል።

አሠራሩ ለነጋዴ እንግዳ የሆነ ነገር የለበትም። መሐንዲሱ የሕንፃውን ቅርጽና አቅጣጫ፣ የግድግዳውን ዓይነትና ውፍረት፣ የጣራውን አሠራር፣ የመስኮቱን ስፋት፣ በየክፍሉ የሚቀመጠውን ሰው ብዛት፣ የመብራቱንና የመሣሪያውን ኃይል፣ ሱቁ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት ጭምር ለፕሮግራሙ ይሰጣል። ከዚህ ጋር የቦታውን የአየር ጠባይ መዝገብ ያክልበታል፤ ይህም መዝገብ የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበቱን፣ ነፋሱንና የፀሐዩን ብርታት በየሰዓቱ የያዘ ነው። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ስላለው ፕሮግራሙ 8,760 ጊዜ ሂሳቡን ይሠራል፤ በዚህ ሰዓት ፀሐይ የትኛውን ግድግዳ መታች፣ ትናንት በድንጋዩ ውስጥ የገባው ሙቀት ዛሬ ስንት ሰዓት ላይ ወደ ውስጥ ወጣ፣ መብራት ማብራት ያስፈልጋል ወይስ የመስኮቱ ብርሃን ይበቃል እያለ። በመጨረሻ የሚገኘው ነገር በአጭሩ ገና ያልተሠራ ሕንፃ የዓመት የመብራት ቢል ነው። መስኮቱን አጥብበህ፣ ጣራውን በኮርኒስ ለብጠህ እንደገና አስላ ቢሉት ዕለቱን ያሰላል። በወረቀት ላይ ግድግዳ ማዞር ገንዘብ አያስወጣም፤ ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ግን ያስወጣል።

ከዚህ ስሌት ጋር ስሙ የሚነሣው «የአረንጓዴ ሕንፃ» ማረጋገጫ ነው። ብሪየም የተባለው የእንግሊዝ ማረጋገጫ በ1990 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ሊድ የተባለው የአሜሪካው በ1998 እ.ኤ.አ. ለሙከራ ወጣ። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ደግሞ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ያዘጋጀው ኤጅ የሚባል ማረጋገጫ አለው። ኤጅ የሚጠይቀው ነገር ሦስት ነው፤ ሕንፃው በአካባቢው ከተለመደው ሕንፃ ጋር ሲነጻጸር በኃይል ከመቶ 20፣ በውሃ ከመቶ 20፣ በግንባታ ዕቃውም ከመቶ 20 መቆጠብ አለበት። ፕሮግራሙን ለመጠቀም ክፍያ የለውም፤ ክፍያው የሚመጣው ወረቀቱ ሲፈለግ ነው። ስሌቱም በየሰዓቱ ሳይሆን በየወሩ የሚሠራ ስለ ሆነ ቀለል ያለ ነው፤ አንድ ወጣት መሐንዲስ ብዙ ሳይቸገር ሊማረው ይችላል።

ከነዚህ ማረጋገጫዎች ደንብ ውስጥ ለወልድያ ባለ ሕንፃ ትምህርት የሚሆን አንድ ነገር አለ። በሊድ ሥርዓት ሊሠራ የታሰበው ሕንፃ ከራሱ ጋር ቅርጹ ከሚመሳሰል ማነጻጸሪያ ሕንፃ ጋር ይመዘናል። የማነጻጸሪያው ሕንፃ ኃይል ሲሰላ አንድ ጊዜ እንደ ተቀመጠ፣ ከዚያም 90፣ 180ና 270 ዲግሪ እየዞረ አራት ጊዜ ይሰላና አማካዩ ይወሰዳል። ይህ የተደረገው ባለቤቱ ሕንፃውን በጥሩ አቅጣጫ ያስቀመጠ እንደ ሆነ ከአማካዩ በላይ ያተረፈው በቁጥር እንዲታወቅለት ነው። እንግዲህ ባሕር ማዶ ያለ ደንብ አውጪ አቅጣጫን ገንዘብ አድርጎ ሲቆጥር፣ እኛ ዘንድ አቅጣጫ የሚወሰነው በቦታው ካርታ ብቻ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ይሁን እንጂ ማረጋገጫውን እንደ ታቦት የሚያከብሩ ሰዎች ጉድለቱንም ሊሰሙ ይገባል። አንደኛው ጉድለት ይህ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሊድ ማረጋገጫ ባገኙ 121 ሕንፃዎች ላይ የተደረገ ምርመራ፣ ሕንፃዎቹ በአማካይ ከሌሎች የተሻሉ ቢሆኑም በየሕንፃው የተሰላውና ቆጣሪው ያነበበው እጅግ የተራራቀ እንደ ነበረ፣ አንዳንዶቹም ከተራ ሕንፃ የበለጠ ኃይል ሲፈጁ እንደ ተገኙ አሳይቷል። ወረቀቱ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቆጣሪው በምድር ቤት ሌላ ነገር ይናገር ነበር ማለት ነው። ስሌቱ ትክክል የሚሆነው የገባበት ነገር ትክክል ሲሆን ነው፤ ሠራተኛው መብራቱን ሳያጠፋ ወደ ቤቱ የሚሄድ ከሆነ ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም።

ሁለተኛው ጉድለት ለእኛ አገር ይበልጥ ይነካል። ማነጻጸሪያው ሕንፃ የአየር ማቀዝቀዣ ማሽን እንዳለው ተቆጥሮ የሚሰላበት ጊዜ ብዙ ነው። በወልድያ ግን አብዛኛው ሱቅና ቢሮ ማቀዝቀዣ የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ስለዚህ አንድ ባለ ሆቴል መጀመሪያ ማቀዝቀዣ ማሽን በየክፍሉ አስገብቶ፣ ቀጥሎም ጥሩ ማሽን በመግዛቱ «ቆጠበ» ተብሎ ሊመሰገን ይችላል፤ ማሽኑን ከነአካቴው ሳይገዛ መስኮቱን ከፍቶ የሚኖረው ጎረቤቱ ግን የሚያመሰግነው የለም። ኤጅ ይህን ነገር ለማረም ሞክሯል፤ ማሽን በሌለበት ሕንፃ ውስጥ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ሰዎቹ ወደ ፊት ማሽን መግዛታቸው አይቀርም በማለት የዚያን ኃይል በግምት አስልቶ ለብቻው ያሳያል። ይህ አሳብ አስተዋይነት አለው። ፎቁ እየጋለ የሚያስቸግር ከሆነ ተከራዩ ዛሬ ቬንቲሌተር፣ ነገ ማቀዝቀዣ እንደሚያስገባ የታወቀ ነውና።

ስለዚህ ጥያቄው ወረቀቱን እናግኝ ወይስ አናግኝ አይደለም። ወረቀቱ የውጭ ድርጅት ቢሮ ለመከራየት ወይም ከውጭ ባንክ ለመበደር ለሚያስብ ሰው ይጠቅመው ይሆናል፤ በወልድያና በመርሳ ለሚሠራው ለአብዛኛው ሕንፃ ግን የሚያስፈልገው ስሌቱ ነው።

ስሌቱ ደግሞ የራሱን ቦታ አየር ይፈልጋል። የአገራችንን ሕንፃ የሚያሰሉ መሐንዲሶች ብዙውን ጊዜ የሚይዙት በፕሮግራሞቹ ዘንድ ተዘጋጅቶ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ቦሌን የአየር መዝገብ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ወልድያ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለች፤ መርሳ ደግሞ ወደ 1,600 ሜትር ወርዳ በሐብሩ ቆላማ ሜዳ አፋፍ ላይ ትገኛለች። አየሩ በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚለዋወጥ ቢታሰብ፣ በቦሌና በመርሳ መካከል ከአራት ዲግሪ በላይ ልዩነት ይኖራል። አራት ዲግሪ በቃል ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መስኮት ከፍቶ በሚኖርና ማሽን አስነሥቶ በሚኖር ሕንፃ መካከል ያለው ድንበር ብዙ ጊዜ ከዚህ አይሰፋም። በቦሌ አየር ተሰልቶ «ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም» የተባለ የመርሳ ሆቴል በግንቦት ወር እንግዶቹን ሊያሸሽ ይችላል፤ ማንጎና ፓፓያ የሚያበስል ፀሐይ የእንግዳ ክፍልንም አይምርም።

ደግነቱ መረጃው ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል አለ፤ ቦታው 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን ለእህል ምርምር ሲባል የዝናቡና የሙቀቱ መጠን ሲመዘገብ ኖሯል። በዚያ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 26 ዲግሪ ገደማ፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ደግሞ 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ለማሽላና ለጤፍ የተመዘገበው ይህ ቁጥር ለግንበኛም ትልቅ ነገር ይናገራል። የሁለቱ አማካይ ከ19 ዲግሪ ተኩል ጋር ይገጥማል፤ ይህም ሰው ሸሚዙን ለብሶ ያለ ማሞቂያና ያለ ማቀዝቀዣ ሊሠራበት ከሚችለው ሙቀት ጥቂት ብቻ ዝቅ ያለ ነው፤ የጎደለውን የሰዎቹ ትንፋሽና መስኮት የሚያስገባው ጥቂት ፀሐይ ይሞላዋል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊት፣ የሌሊቱን ብርድ ይዞ ለቀን ስለሚያስተላልፍ ወደዚህ አማካይ ይጠጋል። በላስታ ክብ የድንጋይ ቤት በሁለት ደርብ የካቡ አባቶች ይህን ያወቁት ያለ ኮምፒውተር ነበር። ቀጭን ብሎኬትና መስተዋት ግን ቀን 26 ሲሆን ከ26 በላይ፣ ሌሊት 13 ሲሆን ወደ 13 ይሄዳሉ፤ ከውጭው አየር ጋር አብረው ይወጣሉ፣ አብረውም ይወርዳሉ።

ስለ ፀሐይም እንዲሁ ነው። ወልድያ በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ቦታ ላይ ስላለች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለት በሚያዝያ 13ና በነሐሴ 16 ቀን ገደማ፣ በቀትር በትክክል ከአናት በላይ ትሆናለች። በሁለቱ ቀኖች መካከል ባለው ጊዜ በሰሜን በኩል፣ በቀረው ዓመት በደቡብ በኩል ታልፋለች። ከዚህ የሚወጣው ሂሳብ ቀላል ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ መስኮት በሰሜን ግድግዳ ላይ ቢሆን፣ በሰኔ 14 የቀትር ፀሐይ ጊዜ 25 ሳንቲ ሜትር የምታህል ክፈፍ ከላዩ ብትወጣለት ሙሉ ጥላ ታለብሰዋለች። ያው መስኮት በደቡብ በኩል ቢሆን በታኅሣሥ 12 ቀትር 85 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፈፍ ይበቃዋል፤ በዚያ ወራት ጧት ብርድ ስላለ ጥቂት ፀሐይ ቢገባም የሚጠላው የለም። በምዕራብና በምሥራቅ በኩል ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ የቱንም ያህል ክፈፍ ቢረዝም አይመልሳትም።

የምዕራቡ መስተዋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማወቅ አንድ ክፍል ይበቃል። በሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የእንግዳ ክፍል ስድስት ሜትር ካሬ ተራ መስተዋት ወደ ምዕራብ አዙሮ ቢሠራ፣ ከቀኑ በ10 ሰዓት ጥርት ባለ ሰማይ በየሜትር ካሬው 600 ዋት ያህል ፀሐይ ቢያርፍበትና ከዚህ ከመቶ 80 እጅ ወደ ውስጥ ቢያልፍ፣ ወደ ክፍሉ የሚገባው ሙቀት 2,880 ዋት ይሆናል። ይህ ከኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ብዙም አያንስም። እንግዳው ሻንጣውን አስቀምጦ ከጋለ ምጣድ አጠገብ ጋደም እንዲል ተጋበዘ ማለት ነው። በአዲስ አበባ በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት በተሠሩት አያሌ ሕንፃዎች ፊት ላይ የሚታየው የሲሚንቶ የፀሐይ መከለያ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ በኋላ የመጣው ፈሊጥ መከለያውን አንሥቶ በምትኩ ማሽን አስገባበት።

ጣራው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ ከአናት በማትርቅበት አገር ብዙውን ሙቀት የሚቀበለው ጣራ ነው፤ ያረጀ ቆርቆሮ በቀትር ከ50 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከሥሩ የሙቀት መከላከያ ያለው ኮርኒስ ቢለበጥ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ቢተው፣ ቆርቆሮውም ነጭ ቢሆን፣ የላይኛው ፎቅ ኪራይ ከታችኛው የሚያንስበት ምክንያት ባልኖረ ነበር። ለመስተዋቱ ያለ ስስት የሚከፍለው ባለቤት ለኮርኒሱ ሲደርስ እጁ የሚያጥረው ጣራ ከመንገድ ስለማይታይ ይሆናል።

የከፍታውንም ነገር የሚዘነጋ መሐንዲስ አለ። በ2,000 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የማቀዝቀዣ ማሽንም ሆነ የጄኔሬተር ጉልበት በወልድያ እንደ ተጻፈው አይገኝም። ከውጭ ማውጫ ላይ ቁጥሩን አይቶ የገዛ ሰው ለምን ደከመ ብሎ ጥገና ሲጠራ ይኖራል።

ይህ ሁሉ በብር ሲተመን ምን እንደሚሆን ነጋዴው ያውቀዋል። የውጭ ምንዛሪው ሥርዓት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ መስተዋቱ፣ አሉሚኒየሙ፣ ማቀዝቀዣውና ጄኔሬተሩ በብር ምን ያህል እንደ ተወደዱ ዕቃውን ያስመጣ ሁሉ ቀምሶታል። የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ቀስ በቀስ በአራት ዓመት ውስጥ ከፍ እንዲል ተወስኗል። እንግዲህ በድሮው ታሪፍ ልማድ የተሠራ ሕንፃ ወጪው በየሩብ ዓመቱ ያድጋል፤ የተከራዩ ገቢ ግን በየሩብ ዓመቱ አያድግም። መብራት በሚጠፋበት ቀን ደግሞ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ የቀን ብርሃን የሚበቃውና ነፋስ የሚያልፍበት ሱቅ ሥራውን ይቀጥላል፣ ውስጡ ጨለማና ግለት የሆነው ባለ መስተዋት ግን ናፍጣ እየገዛ ጄኔሬተር ማስነሣት ግድ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን የሚገባው አንድ ነገር አለ። ባሕር ማዶ አረንጓዴ ሕንፃ የሚመሰገነው የድንጋይ ከሰል ጭስ ስለሚቀንስ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም የውሃና የነፋስ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት ጨምሮበታል። ስለዚህ በወልድያ አምፖል በማጥፋት ብዙ ጭስ ተከላከልን ማለት ራስን መደለል ነው። ጭሱ ያለው በጄኔሬተሩ ናፍጣ ውስጥና በግንባታ ዕቃው ውስጥ ነው፤ ሲሚንቶ፣ መስተዋትና አሉሚኒየም ሲመረቱ ብዙ እሳት ይበላሉና። ኤጅ የግንባታ ዕቃውን ከሦስቱ አንዱ አድርጎ መቁጠሩ ለእኛ የሚስማማ ነው፤ ከአቅራቢያው ተራራ የተፈለጠ ድንጋይ በዚህ ሚዛን ላይ ከባሕር ማዶ ከመጣ የአሉሚኒየም ንጣፍ ይበልጣልና። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ያወጣው ለአየር ንብረት የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ከመሠረቶቹ አንዱ ያደረገው በትራንስፖርት፣ በኢንዱስትሪና በሕንፃ ዘመናዊና ኃይል ቆጣቢ አሠራር መያዝን ነው።

ተቃዋሚው የሚለው ይታወቃል። ሰላም ባልጸናበት ወቅት፣ ሲሚንቶ እንኳ በጭንቅ በሚገኝበት ጊዜ፣ ስለ ፕሮግራምና ስለ ዲግሪ ማውራት ቅንጦት አይደለምን ይላል። መልሱ ግን በዚያው በጭንቁ ውስጥ ነው፤ ገንዘብ ያነሰው ሰው ነው አስቀድሞ ማስላት ያለበት። ሌላው ደግሞ ተከራይ የሚፈልገው መስተዋት ነው፣ ያለ መስተዋት ሱቅ አይከራይም ይላል። ለምድር ቤቱ ሱቅ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዕቃ ለመንገደኛ መታየት አለበት። ለሦስተኛውና ለአራተኛው ፎቅ ግን ከመንገድ ቀና ብሎ የሚያይ ገዢ የለም፤ እዚያ ላይ ያለው መስተዋት ለማን እንደሚታይ ባለቤቱ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው ብዙ ርቀት መሄድ አያስፈልግም። የሕንፃ አዋጁ ፕላን ሳይጸድቅ ግንባታ እንዳይጀመር ደንግጓል፤ የኃይል አዋጅ ቁጥር 810/2006ም የኃይል ቁጠባን ከሕግ ቁጥር ውስጥ አግብቶታል። ለማዘጋጃ ቤት ከሚቀርበው የፕላን ጥራዝ ላይ አንዲት ገጽ መጨመር አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ በዚያች ገጽ ላይ ሕንፃው የሚዞርበት አቅጣጫ፣ በየአቅጣጫው ያለው የመስተዋት ስፋት፣ የጣራው አሠራርና የታሰበው የዓመት የኃይል ፍጆታ ይጻፍ። ይህን ማዘጋጃ ቤቱ እስኪያዝ ሳይጠብቅ የንግድ ምክር ቤቱ አባላቱን ቢያስለምድ ይቀላል፤ ባለ ገንዘቡ የጠየቀውን ነገር መሐንዲሱ አይነፍግም።

የአየሩን መዝገብ ማዘጋጀት የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ቢሆን የተገባ ነው። በወልድያ ዋና ግቢ አለው፣ በመርሳም ግቢ አለው፤ በሁለቱም ቦታ አንዳንድ የሙቀት፣ የእርጥበትና የፀሐይ መለኪያ ቢተከልና በየሰዓቱ ቢመዘገብ፣ ከሲሪንቃው የቆየ መዝገብ ጋር ተጣምሮ ለሁለቱ ከተሞች የሚያገለግል የአየር መዝገብ ይገኛል። ወጪው የአንድ መለስተኛ ጄኔሬተር ዋጋ እንኳ አይሆንም፤ ነጋዴዎቹ ቢያዋጡ በአንድ ስብሰባ ይሞላል። ተማሪዎቹም በመጽሐፍ ያዩትን ስሌት በገዛ ከተማቸው ሕንፃ ላይ ይሠሩበታል።

ነገር ግን ከስሌቱ በፊት ሊደረግ የሚችል ከዚህም የሚያንስ ሥራ አለ። ከወልድያ አምስት፣ ከመርሳ ሦስት ያህል ባለ ሕንፃዎች ፈቃደኛ ሆነው የአንድ ዓመት የመብራት ቢላቸውንና የናፍጣ ደረሰኛቸውን ለምክር ቤቱ ቢያስረክቡ፣ የወለሉ ስፋት ተለክቶ በየሜትር ካሬው በዓመት ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደ ወጣ ይታወቃል። ስማቸው መገለጽ የለበትም፤ ሕንፃው ባለ ድንጋይ ወይም ባለ መስተዋት፣ ሆቴል ወይም ቢሮ መሆኑ ብቻ ቢጻፍ ይበቃል። ይህ ቁጥር በእጅ ካልተያዘ በባሕር ማዶ ማነጻጸሪያ ላይ የሚሠራው ስሌት ሁሉ ሥር የለውም፤ ከተያዘ ግን በሚቀጥለው ዓመት መሠረት የሚያስቆፍር ሰው ከማን ጋር እንደሚነጻጸር ያውቃል። የመርሳዎቹ ቢሎች ከወልድያዎቹ ጋር ተደባልቀው እንዳይደመሩ ብቻ ጥንቃቄ ይደረግ፤ በሠላሳ ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ የአራት መቶ ሜትር ቁልቁለት አለና።